ደብተራችን ውስጥ የተጻፈው ዳክዬ ነው

ለወሎ የትምህርት፣ የቱሪዝምና የጸጥታ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ፣

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰባት ሆነን ሐይቅ ዳር ተያዝን። «ተያዝን» የሚለው ቃል ይበዛ ይሆናል። ያስቆሙን ወጣቶች ጨዋዎች ነበሩ፤ አብራን ለነበረችው ነርስ ወንበር ለቀቁላት፣ እኔንም «ጋሼ» እያሉ ነው ያናገሩኝ። ቢሆንም ስሙን በማልጠራው ቀበሌ በረንዳ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ተቀምጠናል። አራቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ነርስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ሰባተኛው እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር።

ያስያዘን ወፍ የምናይበት መነጽር ይመስላችሁ ይሆናል። እርሱንስ አገላብጠው አይተው መለሱልን። ያስያዘን ደብተሩ ነው። የዚያን ዕለቱን ገጽ እንዳለ እገለብጥላችኋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው፦

«12፡40። ምሥራቅ ዳር። ማንኪያ አፍ 41፣ ሹል ጅራት 18። ከሰሜን የገቡ ድምር 59። ነዋሪዎቹ ግንባረ ነጮች ብዙ ናቸው፣ አልተቆጠሩም። 1፡05 ላይ አንድ ትልቅ ከላይ መጥቶ ቃኘ፤ ሁሉም ሸምበቆ ውስጥ ገቡ።»

ይህን ገጽ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጮክ ብሎ ሲያነበው እኔው ራሴ ደነገጥሁ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በእርሱ ድምፅ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይህ ማንኪያ አፍ የሚሉት የማን ቅጽል ስም ነው?» አለኝ። የዳክዬ መሆኑን ነገርሁት። «ሹል ጅራትስ?» እርሱም ዳክዬ ነው። «ግንባረ ነጭስ?» እርሱ እንኳን ዳክዬ አይደለም፣ ዳክዬ ይመስላል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር ነርሷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

አልተቀየምኋቸውም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ጭምር በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የምናውቅ ሰዎች ነን። «ከሰሜን የገቡ» የሚል ጽሑፍ ከነቁጥሩ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጠባቂ ቢኖር እኔ ራሴ እታዘበው ነበር። በዚያ ኅዳር እኛም አልወጣንም፤ ከደብተሬ ውስጥ የዚያ ዓመት የኅዳርና የታኅሣሥ ገጾች ባዶ ናቸው። ደግሞስ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የእኛ አገር ብቻ መች ሆነ? በ2013 እ.ኤ.አ. በላይኛው ግብፅ፣ ቀና በሚባለው አካባቢ፣ አንድ ሽመላ ጀርባው ላይ መሣሪያ ታስሮበት ስለተገኘ በስለላ ተጠርጥሮ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ነበር። መሣሪያው ተመራማሪዎች የወፉን ጉዞ የሚከታተሉበት ነው። ሽመላው እንኳን ተይዞ እኛ ለምን እንቀራለን?

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ክስ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት። ማኅተም ያረፈበት፣ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ የሚያገለግል፣ «እነዚህ ሰዎች በሐይቅና በአርዲቦ ዳርቻ፣ በቦርከና ረግረግና በቦሩ ሜዳ ወፍ ያያሉ፣ ይቆጥራሉ» የሚል፣ ለየቀበሌው ግልባጭ የተደረገ ወረቀት። ይህን ወረቀት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በአካል ጠይቀናል። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መራን፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው «ወፍ የእኛ ሥራ አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹን ጠይቁ» አለን። ሦስታችሁንም በአንድ ደብዳቤ የጠራሁት ለዚህ ነው። ይህን እያነበባችሁ አንዳችሁ ሌላችሁን ማየት ስትጀምሩ ይታየኛል።

ለምን ኅዳር፣ ለምን ጥር የሚል ይኖራል። አቆጣጠራችን መጸው የሚለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በጋ ይገባል። መጸው ሊያልቅ በጋ ሊገባ ሲል ያለው ጊዜ የእኛ የወፍ ጊዜ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ሰብሉ ይነሳል፣ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ጆሮ ይቆርጣል፣ በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹት ወፎች እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። እናንተ «የቱሪስት ወቅት» የምትሉትም ይኸው ነው፤ ላሊበላ ለገና የሚመጣው እንግዳና ሐይቅ ላይ የሚያርፈው ዳክዬ የሚመጡት በአንድ ሰሞን ነው። ልዩነቱ ዳክዬው ሆቴል አለመጠየቁ ነው።

ከኅዳር ቀናት መካከል ደሴ ላይ ጨርሶ የማይሆነው 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን ከተማዋ ከጦሳ ግርጌ እስከ ታች በጢስ ትሞላለች፤ ወፍ ቀርቶ ጎረቤት አይታይም። ያን ቀን ቤታችን እንውላለን።

ከእንግዶቹ ሁሉ እኔ የማደላላት ለአንዲት ትንሽ ወፍ ነው። ከሆዷ በኩል ቢጫ፣ ከጀርባዋ አረንጓዴ የሚመስል፣ ጅራቷን አሥር ጊዜ የምታወዛውዝ፤ ጅራተ ወዝዋዝ የምንላት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። ይህች ወፍ በላም እግር ሥር ነው የምትውለው። ባለፈው ኅዳር ተሁለደሬ ውስጥ ተንበርክኬ ለግማሽ ሰዓት አየኋት። በሬው ሣር ሲነጭ አፍንጫው አጠገብ ትቆማለች፤ በሬው ሲተነፍስ ሣሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከሣሩ ዝንብ ይነሳል፣ ዝንቡ ሳይርቅ ትቀልበዋለች። በሬው አንድ እርምጃ ሲራመድ እርሷ ሦስት ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ኮቴው ጅራቷን ሊረግጣት ምንም አልቀረውም፤ ፈንጠር ብላ እዚያው ተመለሰች። እርሷን በሚያህል አካል ሰሃራን ተሻግሮ መጥቶ በበሬ አፍንጫ ሥር ምሳ መብላት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ እስካሁን አልገባኝም። እረኛው ልጅ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ሽማግሌ ተንበርክኮ በሬ ሲያይ ለእርሱ ይህ ይበልጣል።

ትልልቆቹም አሉ። ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚነሱ ንስሮች ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፈው ስለሚጓዙና ሞቃት አየር ከባሕር ላይ ስለማይነሳ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት በጠባቡ በኩል፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው። እዚያ በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ70 ሺህ በላይ የዚህን ዓይነት ንስር ብቻ መዝግበዋል። ጅቡቲን አልፎ አፋር፣ ከአፋር ወደ ምዕራብ ቀና ሲባል የመጀመሪያው ግድግዳ የወሎ ተራራ ነው። ንስር ለማየት ማለዳ መነሳት አያስፈልግም፤ እርሱም ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅለት ስለሚጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ ረፋዱ ሳይደርስ አይነሳም። እንቅልፍ የሚወዱ አባሎቻችንን ለዚህ ነው የምናስቀምጣቸው።

እንግዶቹን ስናሞግስ ባለቤቶቹ እንዳይቀየሙ፤ ደሴ ውስጥ ማንም ሰው በራፉ ላይ ቆሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኝ ወፍ ማየት ይችላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አፈ ወፍራሙ ቁራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ማለዳ በመንጋ እየጮኸ ከጣሪያ በላይ የሚያልፈው፣ አፈ ቆልማማው፣ ጉሮሮው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበትም ሌላው ነው። ለእርሱ ሲሉ ውቅያኖስ ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኛ «ይህ ደግሞ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ» እንለዋለን። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባል የለ።

አንድ ነገር ላስተካክል። ዘመድ ከጠፋ በኋላ ብቅ ሲል «የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ግን አይጠፉም። ክረምቱ የመራቢያ ጊዜያቸው ስለሆነ ወንዶቹ ጥቁርና ቢጫ፣ ጥቁርና ቀይ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጅራት አብቅለው ይታያሉ። ከመስቀል በኋላ ያ ላባ ይረግፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆነው እዚያው ገለባ ላይ ጥሬ ይለቅማሉ። ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሄደም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ታዲያ እንዴት እንለየዋለን?» ነው፤ መልሱም ምንቃሩን ማየት ነው። ምንቃር ለማየት መነጽር ያስፈልጋል፤ መነጽር ለመያዝ ወረቀት።

ስለ መነጽሩም ልናገር። ያለን ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ «8 በ42» የሚል ተጽፏል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ብዙ የወፍ ተመልካች የሚይዘው ይህንኑ ነው። በወረቀቱ ላይ ይህም ቁጥር ቢሰፍር እንወዳለን።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ፣ ሥጋቴ ያለው እዚያ ነውና። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከላይ ሲታይ ሰፊ ውኃ ነው፤ ጥልቁ ቦታ ግን ከ80 ሜትር አያንስም። ይህ ለወፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዳክዬ የሚበላው አንገቱ የሚደርስበትን ነው። መሐሉ ሁሉ ለእርሱ ባዶ ሰፌድ ነው፤ ምግቡ ያለው ከዳር፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት፣ ቄጠማና ሸምበቆ ባለበት ጠባብ ቀበቶ ላይ ነው። ከብት የሚጠጣው እዚያው ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ታንኳ የሚታሰረው፣ እርሻ እየገፋ የሚመጣው፣ «ሎጅ ይሠራበታል» እየተባለ የሚታጠረውም እዚያው ነው። ከቀበቶው ላይ መቶ ሜትር ሲቆረጥ በካርታ ላይ ምንም አይመስልም፤ ለማንኪያ አፉ ግን ማዕዱ ተነሳ ማለት ነው።

ማንኪያ አፍ ያልነው ያለምክንያት አይደለም። ምንቃሩ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ ሰፊ ነው፤ ውኃውን አፍሶ ጥቃቅኑን ነገር አጥልሎ ያስቀራል። አንዳንዴ ብዙ ሆነው ክብ እየዞሩ ይበላሉ፤ አንዱ ከሌላው ኋላ አፉን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ የፊተኛው በእግሩ ያማሰለውን የኋለኛው እየለቀመ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ይህን ካየችው ተማሪዬ አንዷ «ጋሼ፣ እስክስታ ነው ወይስ እራት?» ብላኛለች። (ወደ ገዳሙ ሴቶች ስለማይገቡ እኛ ሁልጊዜ ከውጭ፣ ከውኃው ዳር ነው የምናየው። ወንዶቹ ብቻቸውን ገብተው እንዲያዩ አንፈቅድም፤ ይህ የጋራ ስምምነታችን ነው።)

ስሙን ለምን ከራሳችሁ አወጣችሁ የሚለን አለ። እና ምን እናድርግ? ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኔ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ጉጉት እያልን የምንጠራቸው አሉን፤ ዳክዬ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ዳክዬ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በቀለምና በሥራው ይለዩታል፤ ከእነርሱ ተቀብለን ያሳጠርነው ብዙ ነው። ችግሩ አጭሩ ስም ያ በረንዳ ላይ ያመጣብን ነው።

ገበሬው ስለ ወፍ ያለው አስተያየት ከእኛ እንደሚለይም አውቃለሁ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ማሽላ እሸት ላይ ያለ ቤተሰብ ልጁን ማማ ላይ አውጥቶ ወንጭፍ ያስይዘዋል። ቆላ ወርዶ ግሪሳ የመጣበት ሰው ወፍ የሚለው ቃል ራሱ ያንገፈግፈዋል። ተሁለደሬ ውስጥ አንድ አዛውንት ተማሪያችንን «ልጄ፣ ወፍ ትጠብቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት። «አዎ አባባ» አለች፤ የትምህርት ቤቷ ክበብ «የወፍ ጥበቃ» እያለ ነዋ የሚያስተምራት። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው ወንጭፍ አቀበሏት። የእርሳቸው ጥበቃ ማባረር ነው፣ የእርሷ ጥበቃ ማኖር። ሁለቱም ትክክል አማርኛ ተናግረዋል። እናንተ «ጥበቃ» የሚለውን ቃል በየሰሌዳው ከመጻፋችሁ በፊት እኚህን አዛውንት ብታናግሩ መልካም ነው፤ እኛ አናግረናቸው ግሪሳ ማለት የትኛው እንደሆነና ጅራተ ወዝዋዟ ግን እህል እንደማትነካ፣ ዝንብ እንደምትለቅም ተግባብተናል። ወንጭፉ ግን ቤቴ ነው ያለው። አልወሰዱልንም።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ቀን እንለምናለን። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይካሄዳል፤ የተጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ጃንዋሪ የተመረጠው በዚያ ሰሞን ወፎቹ ከጉዞ ዐርፈው አንድ ቦታ ስለሚረጉ፣ አንዱን ወፍ ሁለት አገር እንዳይቆጥረው ነው። የእኛ ጥር ማለት ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩሬዥያ ተጓዥ የውኃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት አባል ናት፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ቁጥር ቢላክለት የሚያውቅበት ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በፊት ያለው ቅዳሜ የወሎ መቁጠሪያ ቀን ይሁን። ሐይቅ ላይ አንድ ቡድን፣ አርዲቦ ላይ አንድ፣ ቦርከና ወደ ከሚሴ በሚወርድበት በጨፋ ረግረግ አንድ። ወደ ጨፋ በበጋ ከብት ይዘው የሚወርዱ አርብቶ አደሮች ከማንም በላይ መንገዱን ያውቁታል፤ ተማሪዎቹን እነርሱ ይምሯቸው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሜን የመረጥነው ለዚህ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሎጅ ሠሪው ሲመጣ፣ ያ ጠባብ ቀበቶ ስንት ወፍ እንደሚመግብ የምናሳየው ቁጥር ይኖረናል። አሁን የምናሳየው የእኔን ደብተር ነው፤ የእኔ ደብተር ደግሞ የት እንዳደረሰን አይታችኋል።

የማንፈልገውንም ልንገራችሁ። ድንኳን አንፈልግም። ድምፅ ማጉያ ከሁሉ በላይ አንፈልግም፤ ወፍ ለማየት ሲባል ወፉን ማባረር ነው። ባነር፣ ቲሸርትና የምሳ ግብዣ ይቅር። አበል አንጠይቅም፤ ነርሷና ልብስ ሰፊው የሚመጡት ከራሳቸው የሥራ ቀን ላይ ቆርጠው ነው። ጉዟችን ጾመ ነቢያት ላይ ሲውል ግማሾቻችን ቆሎና ሽሮ በዳቦ፣ ግማሾቻችን ያሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቡናውን በተራ እናፈላለን። ከመካከላችሁ ባለሥልጣን መምጣት ቢፈልግ ደስ ይለናል፤ ግን መኪናው አስፋልቱ ላይ ይቁምና በእግር ይውረድ። ጋዜጦቻችን የባለሥልጣን ጉብኝትን «የወፍ በረር ቅኝት» ማለት ይወዳሉ። እኛ ዘንድ የሚበረው ወፉ ነው፤ ቅኝቱ በጭቃ ላይ ነው።

የሚቀጥለው ጉዟችን ኅዳር ሲገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከደሴ እንነሳለን፣ ጋቢ የሌለው አይምጣ። ወረቀቱ ቢደርስልን በኪሳችን ይዘን፣ ባይደርስልንም ይህን ደብዳቤ አትመን ይዘን እንሄዳለን። ለዚያ ጨዋ ወጣትም፣ ተረኛ ሆኖ ካገኘነው፣ አንድ ነገር እንነግረዋለን፤ ከእንግዲህ «ማንኪያ አፍ ዳክዬ»፣ «ሹል ጅራት ዳክዬ» ብለን ሙሉውን እንጽፋለን፣ «ከሰሜን የገቡ» የሚለውንም «ከሳይቤሪያ የመጡ» ብለን ለውጠነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ደሴ